እንዳላይ የተከለከልኳቸው ሁለት እናቶች

ያን ክረምት በጀርባዬ ተኝቼ ነው ያሳለፍኩት። ጁባን የማውቃት ከታች ወደ ላይ ነው ማለት ይቻላል፤ የቆርቆሮ ጣሪያ፣ የማንጎ ቅጠል፣ ሰማይ፣ የአውሮፕላን ሆድ። ሌላው ሰው ቆሞ የሚያየውን ከተማ እኔ ተጋድሜ አየሁት። ደቡብ ሱዳን ራሷን የምትችልበት ሪፈረንደም ሊደረግ ወራት ብቻ ቀርተው ነበር፤ ሰው ሁሉ የሚያወራው ስለ ድምፅ መስጠትና ስለ አዲስ አገር ነው። የእኔ ጉዳይ ግን አንድ ብቻ ነበር፤ ሆዴ ውስጥ ያለው ልጅ ይተርፍልኛል ወይስ እንደ ሁለቱ ታላላቆቹ ጥሎኝ ይሄዳል።

ሁለት ጊዜ ጨንግፎብኛል። ሦስተኛው አራት ወር አልፎት እፎይ ልል ስል ደም አየሁ። ያኔ ነው ሲስተር የመጣችው። ሲስተር የምንላት አዋላጇን ነው፤ ደቡብ ሱዳናዊት ናት፤ ጋምቤላ የስደተኞች ካምፕ አድጋ፣ አዲስ አበባ ተምራ፣ ሰላም ሆነ ሲባል አገሯ የገባች። አማርኛዋ ከእኔ ይሻላል፤ ሲደክማት ብቻ የጁባ ዓረብኛ ጣል ታደርግበታለች። ሆዴን ዳበሰች፣ አዳመጠች፣ ጓንቷን አወለቀችና «አውሮፕላን የለም፣ መኪና የለም፣ ደረጃ የለም። እስክትወልጂ ትተኛለሽ፤ ኻላስ!» አለች። በቃ፣ አለቀ ማለቷ ነው። አዲስ አበባ ሄጄ እናቴ ቤት እወልዳለሁ ያልኩት ነገር እዚያው ላይ አበቃ።

የምንሠራው ነጭ አባይ ዳር ያለ አንድ ሆቴል ውስጥ ነበር። ሆቴል ስል ፎቅ እንዳይመስላችሁ፤ በተርታ የተደረደሩ፣ ተገጣጥመው የቆሙ ፕሪፋብ ክፍሎች፣ ጥቂት ድንኳኖች፣ አንድ ትልቅ የሣር ዳስ፣ ከዳሱ ጀርባ ወጥ ቤት። እኔ የምግብ አዳራሹ ኃላፊ ነበርኩ፤ ባለቤቴ የጄኔሬተሩና የመብራቱ። የእኛ ክፍል የመጨረሻው፣ ወንዙ አፋፍ ላይ ያለው ነው። ቀን ቀን ፕሪፋቡ ዳቦ መጋገሪያ ስለሚሆን ባለቤቴ አልጋውን በረንዳ ላይ አወጣልኝ፤ አጎበር ሰቀለ፤ እግሬ ከራሴ ከፍ እንዲል ከአልጋው በግርጌ በኩል ጡብ አስገባ። ከዚያ ወዲያ ቤቴም አገሬም ያ በረንዳ ሆነ።

በስተግራዬ አንድ ያረጀ ማንጎ ነበር። መጀመሪያ የደረቀ ቅጠል የመሰለኝ ነገር የሌሊት ወፍ ሆኖ ተገኘ፤ አንድ ሁለት ቢሆን ጥሩ፣ ቅርንጫፉ ሁሉ እነሱው ናቸው። ትልልቅ ናቸው፤ አንገታቸው ላይ የጭድ መልክ ያለው ጠጉር አላቸው፤ ፊታቸው ቁርጥ የቡችላ ፊት። ከፊት ለፊቴ ደግሞ ወንዙ፤ ከወንዙ መሐል ሣር የበቀለባት ደሴት፤ ከደሴቷ ጥግ አንዲት ጉማሬ። እሷን ለማየት ትዕግሥት ይጠይቃል። መጀመሪያ ውሃ ብቻ ነው። ቆይቶ ሁለት ትንንሽ ጆሮ ብቅ ይልና ይራገፋል፤ ከዚያ ዓይን፤ ከዚያ አፍንጫዋን እፍ ታደርጋለች። ከዚያ ተመልሶ ውሃ ብቻ ይሆናል።

ተኝቶ የሚውል ሰው ቀኑ መልክ የለውም። ጠዋት የወጥ ቤቱ ሰዎች ድስት ሲያንኳኩ እነቃለሁ፤ ሙቀቱ ሲከብድ አንቀላፋለሁ፤ ስነቃ ብርሃኑ ከአጎበሩ ወዲያኛው ጎን ዞሯል፤ ቀኑ ማክሰኞ ይሁን ቅዳሜ እንጃ። አንዳንዴ ውሃው እስከ በረንዳው የወጣ ይመስለኝና አልጋዬ ቀስ ብሎ ይንሳፈፋል፤ ልጁ ሆዴ ውስጥ ሲገላበጥ ጉማሬዋ የተገላበጠች ይመስለኛል። አንዳንዴ ደግሞ የሌሊት ወፎቹ ቀጥ ብለው ቆመው ተዘቅዝቄ የተንጠለጠልኩት እኔ እሆናለሁ። ጡቡ ነው እንዲህ የሚያደርገኝ። ትንሽ ያዞረኛል፤ ግን ደስ ይላል፣ አልዋሽም።

ነገሬ ያላማራቸው እትዬ ናቸው። እትዬ የወጥ ቤቱ አዛዥ ናቸው፤ ወደ ስድሳ የተጠጉ፣ ከሁላችንም ቀድመው ጁባ የገቡ፣ ራሳቸው ሳይቀምሱ ምንም ነገር ከወጥ ቤት የማያስወጡ። ባል አልነበራቸውም፣ ልጅም አልነበራቸውም። ለምን ብሎ የጠየቀም የለም፤ ፊታቸው አያስጠይቅማ! አንድ ቀን ሾርባዬን ይዘው ሲመጡ ዓይኔን ተከትለው ወደ ወንዙ አዩ።

«ምንድን ነው እንዲህ ፈዘሽ የምታዪው?»

«ጉማሬዋን።»

ሾርባው ሊደፋ ምንም አልቀረው። «በስመ አብ! አንቺ ልጅ ጤና የለሽም እንዴ? እርጉዝ ሴት ዓይኗን እንዲህ በየሜዳው ትለቃለች? ዓይንሽ ያረፈበት ነገር ሁሉ እኮ ልጁ ላይ ይታተማል!» ዞር ሲሉ ደግሞ ማንጎው ላይ አረፉ። «ይሄንንም ታዪዋለሽ?»

«አጠገቤ ነው፤ የት ልሂድ እትዬ?»

«ጨፍኚ!»

ነገሩን እኔም ከልጅነቴ ጀምሮ ስሰማው ያደግሁት ነው። ጦጣ ላይ ያፈጠጠች ሴት ጦጣ የሚመስል ትወልዳለች፤ ቆንጆ ያየች ቆንጆ። ደህና በነበርኩበት ጊዜ ስንቱን ስቄበታለሁ። ሁለቴ የጨነገፈባት ሴት ግን እስከ መጨረሻው አትስቅም፤ ሳቋ መሐል ላይ ይቀራል።

በማግሥቱ እትዬ ምስለ ፍቅር ወልዳን ይዘው መጡ፤ እመቤታችን ልጇን ታቅፋ ያለችበትን ሥዕል። ከበረንዳው ምሰሶ ላይ በሽቦ አሰሩልኝ። በማንጎው በኩል ደግሞ አንሶላ ጋረዱ። «እሷን እያየሽ ዋዪ። ሌላ ሌላውን ተዪው» አሉኝ። እሺ አልኩ። ችግሩ ሥዕሉ ትንሽ ነው፣ ወንዙ ትልቅ ነው። ከእመቤታችን ቀሚስ ጫፍ ሥር ጉማሬዋ ጆሮዋን እያራገፈች ብቅ ትላለች። አንሶላውንም ነፋስ ያነሳዋል፤ በተነሳ ቁጥር አንድ ረድፍ የተዘቀዘቀ ፊት ያየኛል። እመቤቴ ይቅር በይኝ እያልኩ አየሁ። ሌላ ምን ልይ? ጣሪያውን?

ባለቤቴ ግን መጫወቻ አደረገው። «እስቲ ንገሪኝ» አለ አንድ ቀን ከሥራ መጥቶ እግሬን እያሸ፣ «የቱ ይሻለናል? የጉማሬ አንገት ያለው ወይስ የሌሊት ወፍ ጆሮ ያለው?»

«አንተን ከሚመስል ሁለቱም ይሻላሉ።»

በዚህ የተነሳ ሁለቱን ማወዳደር የየቀኑ ጨዋታችን ሆነ። እኔ ቀን ያየሁትን አወራለሁ፤ እሱ ቢሮ ኢንተርኔት ባገኘ ቁጥር አንብቦ ይመጣል። ዝምድና የሚባል ነገር የላቸውም። አንዷን በክሬን እንኳን የሚያነሳት መኖሩን እንጃ፤ ሌላዋ መዳፌ ላይ ትቀመጣለች። ጉማሬዋ ዕድሜዋን ሙሉ ውሃ ውስጥ ኖራ ዋና አትችልም አለኝ፤ የወንዙን ወለል እየረገጠች ነው የምትሄደው። አይ መከራ! አልኩ። የሌሊት ወፏ ደግሞ እግር እያላት መራመድ አትችልም። አንዷ ጠጉር አልተሰጣትም፣ ፀሐይ እንዳያቃጥላት ቆዳዋ ቀይ ወዝ ያወጣል፤ ሌላዋ ፀጉራም ካፖርቷን ለብሳ በዚያ ሙቀት በክንፏ ራሷን ስታራግብ ትውላለች። ወፍ አይደለችም እኮ፣ ልጇን ታጠባለች አለኝ። በምን ይመሳሰላሉ ቢባል እንግዲህ በወተት ብቻ ነው።

አመሻሽ ላይ ግን ሌላ መመሳሰል አገኘሁ። ወንዙ የመዳብ መልክ ሲይዝ ሁለቱም ለሥራ ይነሳሉ። መጀመሪያ ማንጎው ይንጫጫል፤ ከዚያ አንድ በአንድ እየለቀቁ ሰማዩ ላይ ይበተናሉ፤ ክንፋቸው ሲመታ ድምፁ እርጥብ ጨርቅ እንደማራገፍ ነው። ቀጥሎ ጉማሬዋ ከደሴቷ ወዲያ ውሃዋን እያንጠባጠበች ወደ ሣሩ ትወጣለች። ፈረቃ የሚገቡ ሠራተኞች ይመስሉኝ ነበር። ያን ሰዓት ባለቤቴ ጄኔሬተሩን ያስነሳል፤ የዳሱ አምፖሎች ይበራሉ፤ እኔ ብቻ ሥራ ፈት ሆኜ እቀራለሁ። ሆዴን እዳብሳለሁ። ኋላ ይህን ለሲስተር ስነግራት «የአንቺ ሥራ ከሁሉም ይከብዳል» አለችኝ።

ጉማሬዋ ብቻዋን ለምን እንደሆነች የገባኝ ቆይቶ ነው። አንድ ረፋድ ላይ ጀርባዋ ላይ ሌላ ትንሽ ራስ አየሁ። ግልገል! እናቱ ጀርባ ላይ አገጩን ጥሎ ተኝቷል። ጮህኩ፤ ወጥ ቤት ያሉት ሁሉ ምጥ የመጣ መስሏቸው እየሮጡ መጡ፤ እትዬ በእጃቸው ማማሰያ እንደያዙ። ስቀው ተመለሱ፤ እትዬ ግን አልሳቁም። ባለቤቴ በማግሥቱ አንብቦ ነገረኝ፤ ጉማሬ ልትወልድ ስትል ከመንጋው ትለያለች፤ ብዙ ጊዜ የምትወልደው ውሃ ውስጥ ነው፤ ልጁ እንዳይታፈን ወደ ላይ ትገፋዋለች፣ አየር እንዲያገኝ። የሌሊት ወፏ ደግሞ ተዘቅዝቃ እንደተንጠለጠለች ትወልዳለች፤ ልጇ እንዳይወድቅ ክንፏን እንደ ሽርጥ ዘርግታ ትቀበለዋለች፤ ከዚያ ደረቷ ላይ ለጥፋው ትበራለች።

«አንዷ ወደ ላይ ትገፋለች፣ አንዷ እንዳይወድቅ ትይዛለች» አልኩ።

«አንቺ የትኛዋን ትሆኛለሽ?»

«የተሳካላትን።»

ይህን ስንባባል እትዬ ከአንሶላው ወዲያ ቆመው ይሰሙ ኖሯል። ገቡ። ይቆጣሉ ብዬ ስጠብቅ አልተቆጡም። አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ ብለው እጄን ያዙ፤ እጃቸው ሽንኩርት ሽንኩርት ይሸታል። «ልጄ፣ ቀልድ አይደለም። እኔ አንዴ አይቼ ተቀጥቻለሁ። አንድ ልጄን አጥቼበታለሁ። እባክሽ» አሉኝ። ተነስተው ሄዱ። እኔም በዚያን ቀን የምሬን ጨፈንኩ፤ ሥዕሉን ብቻ እያየሁ ዋልኩ፤ ለራሴ ሳይሆን ለእሳቸው ስል።

የጨፈንኩት ግን ብዙ አልቆየም። ዝናቡ ጠነከረ፤ ወንዙ እየቀላና እየሰፋ መጣ፤ የደሴቷን ሣር ከወገቡ በታች ውሃ ዋጠው። አንድ ጠዋት ጉማሬዋን ብቻዋን አየኋት። ጀርባዋ ባዶ ነው። ስትጠልቅ ጠበቅሁ፤ ስትወጣ ጠበቅሁ፤ ግልገሉ የለም። ቀኑን ሙሉ ጠበቅሁ። ባለቤቴ ሲመጣ ትራሴ በእንባ ርሶ አገኘው።

«ውሃ ወስዶት ነው» አልኩት፣ «የእኔንም ይወስደዋል።»

«ቀን ከወዲያኛው ማዶ አይቼዋለሁ፣ ሣር ውስጥ ተኝቶ ነበር» አለ።

ባለቤቴ መዋሸት አይችልበትም፤ ሲዋሽ ጆሮውን ያካል። አሁንም እያከከ ነው። ቢሆንም ዝም አልኩት፤ ውሸቱም ቢሆን ያስፈልገኝ ነበር። በሁለተኛው ቀን ጉማሬዋም ሄደች። የት እንደገባች እስከ ዛሬ አላወቅሁም፤ ልጇ ይኑር አይኑርም አላወቅሁም። ፊት ለፊቴ ውሃ ብቻ ቀረ። ያን ሰሞን ልጁ ሆዴ ውስጥ ዝም ባለ ቁጥር በጣቴ ጎሸም አደርገዋለሁ፤ ሲመልስልኝ እተነፍሳለሁ።

ከዚያ አንድ ኃይለኛ ነፋስ መጣ። ከሰዓት በኋላ ነው፤ ሰማዩ ጠቁሮ የዳሱን ሣር ገልብጦ፣ ወንበር ወንዝ ውስጥ ጥሎ፣ ሲመጣ እንደመጣው በድንገት ጸጥ አለ። አንሶላው ተቦጭቆ ሄዷል። ማንጎው ሥር የወዳደቀ ቅጠልና ፍሬ መሐል አንድ ነገር ይንቀሳቀሳል። ትንሽ የሌሊት ወፍ ነበር፤ ገና ግልገል። መብረር አይችልም፣ መራመድም አይችልም፤ በጭቃው ላይ በክንፉ ክርን እየዳኸ ይጮሃል፤ ድምፁ ቀጭን ነው፣ ደቃቃ። ተነስቼ እንዳላነሳው የሲስተር ትእዛዝ ፊቴ ላይ ድቅን አለ። «እትዬ!» ብዬ ጮህኩ። «እትዬ ድረሱ!»

ወጥተው አዩት። መጥረጊያውን አነሱ። ልባቸው ምን እንዳለ አውቃለሁ፤ ጠርገው ወንዝ ሊጨምሩት ነው። ግልገሉ ጮኸ። እኔም፣ ምን እንደነካኝ አላውቅም፣ እንደ ሕፃን ሆኜ አለቀስኩ። «እናት አለችው፣ እትዬ! እባክዎ እናት አለችው!»

መጥረጊያውን ጣሉት። ወጥ ቤት ገብተው ማማሰያቸውን ይዘው መጡ፤ ጫፉ ላይ ጨርቅ ጠቀለሉበት፤ አጎነበሱ። ግልገሉ ጨርቁን በጥፍሩ ቆንጥጦ ያዘ። እትዬ ሲያነሱት ጠጋ ብለው አዩት፤ ትከሻውን፣ ትከሻው ላይ ያለችውን ጠጉር። ቀስ ብለው ማማሰያውን ከማንጎው ግንድ ጋር አስጠጉት፤ ግልገሉ ወደ ግንዱ ተሻገረና ተለጠፈ። እትዬ ማማሰያውን ይዘው እዚያው ቆሙ። ወጥ አረረ የሚል ድምፅ ከወጥ ቤት ተሰማ፤ አልሄዱም።

ብርሃኑ ሲደክም ማንጎው መንጫጫት ጀመረ። አንድ በአንድ ለቀቁ። አንዷ ግን ዞራ ተመለሰች፤ ዞረች፤ እንደገና ተመለሰች፤ ዝቅ አለች። እትዬ በያዙት ማማሰያ ወደ ማንጎው እያመለከቱ፣ ያ ሁሉን ሲከለክለኝ የከረመ አንደበታቸው «እዪ!» አለኝ። «እዪ ልጄ፣ መጣች! እዪ!»

ግንዱ ላይ ተለጠፈች፤ ግልገሉን በክንፏ ሸፈነችው፤ ጩኸቱ ቆመ። ቆይታ ስትነሳ ደረቷ ላይ አንድ ጉብታ ነበር። እያየናት ከወንዙ በላይ አልፋ ጠፋች። አንሶላውን ከዚያ ወዲህ መልሰው አልጋረዱትም። ሥዕሉን ግን አልነኩትም፣ እኔም እንዲነሳ አልፈለግሁም።

ልጄ ቸኩላ መጣች። ወሩ ገና ነበር። ሌሊቱን ሲዘንብ አድሮ ጎሕ ሲቀድ ውሃዬ ፈሰሰ። ባለቤቴ ስልኩን ይዞ ኔትወርክ ፍለጋ ግቢውን ዞረ፤ ሲስተር ከሎሎጎ ሰፈር በቦዳ ቦዳ ሞተር፣ ሞተሩ በማይሄድበት በእግሯ፣ እስከ ጉልበቷ ጭቃ ሆና ደረሰች። «ማፊ ሙሽኪላ» አለች፣ ችግር የለም፤ ዓይኗ ግን እንደዚያ አይልም። እትዬ ከራስጌዬ ሆነው «ማርያም ማርያም» ይላሉ፤ እኔ ጥርሴን ነክሼ ሥዕሉንም ወንዙንም ማንጎውንም አያለሁ። ማየት የቻልኩትን ሁሉ አየሁ። ከየትኛው ረድኤት እንደሚመጣ ምን አውቃለሁ?

ወጣች፤ አላለቀሰችም። ሲስተር አፏን ጠረገች፣ በቀጭን ቱቦ ሳበች፣ ጀርባዋን አሸች። «ነዪ፣ ነዪ፣ ወደ ላይ ነዪ» ትላታለች፣ ከውሃ ሥር እንደምትጠራት። ያቺ ጉማሬ ልጇን በአፍንጫዋ ወደ አየር ስትገፋው ታየችኝ። ግፊያት አልኩ በልቤ፤ ለማን እንዳልኩ አላውቅም። ከዚያ አንድ ቀጭን ደቃቃ ድምፅ ሰማሁ። ባለቤቴ ከደጅ ሆኖ የሆነ ነገር ጮኸ፤ ማልቀሱ ይሁን መሳቁ አይለይም።

«ማሞቂያ ማሽን እዚህ የለም» አለች ሲስተር። «ማሽኑ አንቺ ነሽ። ደረትሽ ላይ ሆና ነው የምታድገው፤ ቀንም ማታም። እትዬ፣ ነጠላዎን!»

እትዬ ነጠላቸውን ከትከሻቸው አወረዱና ልጅቷን ሊጠቀልሉ ጎንበስ አሉ። ጎንበስ እንዳሉ ቀሩ። እኔም ያኔ አየሁ። ትከሻዋና ጀርባዋ ላይ ስስ ጠጉር አለ፤ ለስላሳ፣ የጭድ መልክ ያለው። ጆሮዋ ታጥፎ ከራሷ ጋር ተጣብቋል። እትዬ ፊታቸው አመድ መሰለ።

«አላልኩሽም?» አሉ፤ ድምፃቸው አይሰማም። «ልጄ፣ አላልኩሽም?»

ሲስተር ቀና ብላ እኔን አየች፣ እሳቸውን አየች፤ የፈራነው ነገር ሲገባት ሳቀች። «ይሄ ነው እንዴ ያስደነገጣችሁ? ቸኩሎ የመጣ ሁሉ እንዲህ ነው። ሆድ ውስጥ የሚለብሱትን ካፖርት ሳያወልቁ ይመጣሉ። ትንሽ ቆይቶ ይረግፋል። ጆሮዋም ገና አልጠነከረም፤ ይዘረጋል።»

«ሁሉም?» አሉ እትዬ።

«ሁሉም።»

«ጦጣ ያላየች እናት የወለደችውም? ምንም ያላየች ብትሆንም?»

«ዓይነ ስውር ብትሆንም። እኔ ስንቱን ተቀብያለሁ እትዬ፤ የጁባውም የአዲስ አበባውም ወሩ ሳይሞላ ሲመጣ ትከሻው እንዲህ ነው።»

ልጄን ደረቴ ላይ አስተኝታ በእትዬ ነጠላ አሰረችን። ቀላል ነበረች፣ ሙቅ፤ ጥፍሯ ቆዳዬን ይዟል። ከዚያ ወዲህ እንደዚያ ታስረን ብዙ ከረምን። ጠጉሩ እንደተባለው ረገፈ፣ ጆሮዋም ተዘረጋ፤ ዛሬ የምላትን አትሰማበትም እንጂ ምንም አይለውም። ያን ጠዋት ግን ይህን ሁሉ አላውቅም ነበር፤ የማውቀው መተንፈሷን ብቻ ነው፤ እትዬም መሬት ላይ ቁጭ ማለታቸውን።

«የኔ ልጅ ወንድ ነበር» አሉ። ለማናችን እንደሚናገሩ አይታወቅም። «ልጅ ነበርኩ፤ ገና ማግባቴ። ገበያ ውስጥ አንድ ሰው ጦጣ በገመድ ያዞር ነበር፤ ቆሜ አየሁ፤ ሳቅሁ። በዚያው ሰሞን ልጁ መጣ፣ ወሩ ሳይሞላ። ትከሻው እንዲህ ነበር። ልክ እንዲህ። አይታ ነው፣ ጦጣ አይታ ነው አሉ ሴቶቹ። ነጠቁኝ። ዳግመኛ አትዪው ብለው ወደ ጓዳ ወሰዱት። ጡቴን አልሰጠሁትም። ሲያለቅስ በግድግዳው በኩል ይሰማኛል፤ እስከ እኩለ ቀን ድረስ ሰማሁት። ከዚያ ዝም አለ። እንኳን ማርያም ማረችሽ ያለኝ ሰው እንኳ የለም፤ ምን ብለው ይበሉኝ? ባሌም ሄደ።»

ሲስተር ጓንቷን ሳታወልቅ አጠገባቸው ተንበረከከች።

እትዬ ልጄ ትከሻ ላይ በነጠላው ጠርዝ የወጣችውን ጠጉር በአንድ ጣታቸው ነኩ። ዳበሱ። «የኔም እንግዲህ... ቸኩሎ ነው የመጣው?» አሉ። «ሌላ ምንም አልነበረም?»

«ሌላ ምንም አልነበረም እትዬ» አለች ሲስተር። «ልጅ ነበር።»

ማንጎው ላይ የሌሊት ወፎቹ ከሥራቸው ተመልሰው እየተሻሙ ቦታ ይይዛሉ። ወንዙ ቀይ ሆኖ ይፈስሳል። እኔ መነሳት አልችልም፤ ልጄም ታስራብኛለች። ነፃ ያለችውን እጄን ዘርግቼ ራሳቸውን ነካሁ፤ ሻሻቸው ወርዶ ሽበታቸው ወጥቷል።

«እትዬ» አልኩ፣ «እንኳን ማርያም ማረችዎ።»

ጣታቸውን ከልጄ ትከሻ አላነሱም።

«አሜን» አሉ።